ነጭ በር ያላት የውሰት መኪና

እኔ መቀመጥ አልወድም። ባሌ ጅብሪል ደግሞ ከተቀመጠ መነሳት አይወድም፤ የቤቱ ጣራ ቢነድ መጀመሪያ ሻዩን ጨርሶ ነው ባልዲ የሚፈልገው። እንዲህ ያለን ሁለት ሰዎች አንድ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደኖርን አላህ ያውቃል። ሱቃችን አሰላ ገበያው አፍ ላይ ናት፤ ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዴ፣ ላምባ እንሸጣለን። በ1964 ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ቀይ ፒክአፕ ገዛን። አዲስ ናት፤ ወንበሯ ላይ የለበሰው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም።

ላስቲኩ ሳይነሳ ተበላሸች። ጥቅምት ላይ ጅብሪል ከኦጎልቾ ተልባ ጭኖ ሲመለስ፣ ዳገቱ መሀል ካምቢዮዋ አንዴ ጮኸና ማርሽ አልገባ አለ። በሌላ መኪና ተጎትታ አዲስ አበባ፣ የሸጡልን ሰዎች ዘንድ ሄደች። እነሱም በትህትና ተቀበሏት። ጋራንቲ አላችሁ፣ የምትከፍሉት ነገር የለም፣ ዕቃው በመርከብ እስኪመጣ ብቻ ታገሱ አሉን። ትዕግስት ለጅብሪል የተሰፋች ልብስ ናት፤ ልክክ ትልበታለች። እኔ ግን በየጊዜው ስልክ ቤት እየሄድኩ፣ አዲስ አበባ አገናኙኝ እያልኩ ቴሌፎኒስቷን አስመረርኳት። መርከቡ ተነስቷል ይሉኛል። ሌላ ጊዜ አሰብ ደርሷል ይሉኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የደረሰው የሌላ መኪና ዕቃ ነው ይሉኛል።

እንዲህ ያንቀዠቀዠኝ ንግዱ አልነበረም፤ የወንድሜ ሰርግ ነው።

ታናሽ ወንድሜን ጉቱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱ አልወለቀም ነበር። አድጎ ከሁሩታ በታች፣ ቡርቃ ከሚባል መንደር፣ የቱሳን ልጅ ሀሊሜን ወደደ። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ። ችግሩ ቱሳ ጭሰኛ መሆኑ ነው። ያ ሜዳ ሁሉ ለትራክተር ተፈልጓልና ባለመሬቱ እህልህን ሰብስብ፣ ጥርን ጨርሰህ ልቀቅ ብሎታል። የሚስቱ ወንድም ባሌ አገር ስለሚኖር ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ለመሻገር ቆርጧል። ለሽማግሌዎቹም ነገሩን አልሸፋፈነላቸውም፤ ልጄን ከገዛ ደጄ ልዳራት እፈልጋለሁ፣ በቀጠርነው ቀን ኑና ውሰዷት፣ ያ ቀን ካለፈ ግን እኔንም እሷንም እዚህ አታገኙንም አላቸው። ባሌ አገር ከገባች በኋላ ማን ያመጣታል? ጉቱ ደግሞ በቀይ ፒክአፕ ነው የምወስዳት እያለ አገሩን ሁሉ አዳርሷል። ቡርቃ ውስጥ ቀይ መኪና የማይጠብቅ ሰው የለም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ አላስቻለኝም። ጅብሪልን አስነስቼ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድን።

መኪና የሚሸጡበት አዳራሽ ወለሉ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ያነጋገረን አቶ ገብረ መድህን የሚባል መነጽር ያደረገ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ጅብሪል ግን ጊዜ ሳያጠፋ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እኔ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለሳለሁ።

«እባክዎ እትዬ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«እኛ ከእናንተ የገዛነው መኪና እንጂ ወንበር አይደለም» አልኩት።

ጅብሪል መሬት መሬት አየ። ሰውየው ስለ መርከቡ ጀመረልኝ፤ ስለ መርከብ ከእሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ አልኩት። ለሰርግ መኪና ለመከራየት ይቻላል አለኝ፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪና እንዴት ይከራያል አልኩት። እየተመላለስኩ ነው ይህን ሁሉ የምለው። ሌሎች ገዢዎች ገብተው እኔን እኔን ሲያዩ ጊዜ ሰውየው አንገቱን ነቀነቀና ቁልፍ ከመሳቢያ አወጣ። መኪናቸው ጥገና ላይ ለሚቆይባቸው ደንበኞች የሚያውሷት አንዲት ላንድሮቨር ነበረችና እሷን ሊሰጠን ተስማማ። ከአሰላና ከአካባቢዋ እንዳናርቃት ብቻ አደራ አለን። ጅብሪል እሺ ብሎ ቃል ገባ።

ግቢው ውስጥ ቆማ አየኋት። አረንጓዴ ናት፤ የሾፌሩ ማዶ ያለው የቀኝ በሯ ግን ነጭ። ተጋጭታ በሩ ከሌላ መኪና ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው፣ ቀለም ለመቀባት ጊዜ አላገኘንም አለ ገብረ መድህን። እንዳልከፋ ብሎ ይመስለኛል፣ ቀጠለና «የእናንተን አገር ደህና አድርጋ ታውቀዋለች። ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ሰው ይዘዋት እዚያው እናንተ ዘንድ ከርመዋል። መንገዱ አይጠፋትም» አለኝ።

ትልቅ ሰው የተቀመጠባት ናት ብዬ ደስ እያለኝ በነጩ በር ገባሁ።

አሰላ እስክንደርስ አፌ አልተዘጋም። ጅብሪል የሚሰማ ይመስል አልፎ አልፎ «እንዴታ» ይላል። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ፖሊስ ባየን ጊዜ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ለሱቅ ነጋዴ ፖሊስ ሰላምታ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ እኔም እንደ ወይዘሮ አንገቴን ዝቅ አደረግኩለት። ጅብሪል በሳቅ ሞተ።

በሌላ ቀን ስንዴ ልንገዛ ሁሩታ ገበያ ስንወርድ ግን የሳቀ የለም። ሰዉ መንገድ የለቀቀልን ገና ጡሩንባ ሳንነፋ ነው። ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቅሏን ታቅፋ ፊቷን አዞረችብኝ። ሁልጊዜ ስንዴ የሚሸጥልን ሰው እንኳ ጅብሪልን ከመሪው ጀርባ እስኪለየው ድረስ ጆንያውን ተሸክሞ መንገድ ሊለቅልን አጎንብሶ ነበር። አክብሮት መሰለኝ። ጅብሪል ግን ቤት ገብተን ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሰዉ እኛን አይደለም የሚያየው፣ በሩን ነው» አለኝ። ታዲያ ሁለት ዓይነት ቀለም ያላት መኪና ማን አይቶ ያውቃል ብዬ ነገሩን ተውኩት። እኔ ሐሳቤ ሁሉ ሰርጉ ላይ ነው። መርከቡ ቀረም መጣም ሙሽራዋን የምናመጣባት መኪና ደጄ ቆማለች።

የሰርጉ ዕለት በማለዳ ተነሳን። ጉቱና ሚዜዎቹ ከኋላ ተሳፈሩ፤ ጅብሪል መሪውን ያዘ፤ እኔ ከጎኑ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያስቀመጥኳትን ሲንቄዬን ይዣለሁ። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፤ እናት ልጇን ስትድር በእጇ ታስይዛታለች። ያገባች የአርሲ ሴት ክብሯ እሷ ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው መንገድ ላይ ከቆሙ ወንድ አያልፍም፤ የተጣላ ይቆማል፣ የተቆጣም ይመለሳል። የእኔን እናቴ ናት ከመሞቷ በፊት ስትድረኝ የሰጠችኝ። ከተማ ስገባ ግን ሥራ ፈትታ ከቁምሳጥን ጀርባ ቀረች። ጅብሪል ሲያያት ዛሬ ማንን ልታስቆሚ ነው ብሎ ቀለደብኝ።

ቡርቃ ያለበት ሜዳ ከሩቅ ይታያል፤ እኛም ከሩቅ እንታያለን። አቧራችን ተነስቷል። እልልታው ሲጀመር ለመስማት አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። እልልታ የለም። ይልቅስ ወንዶች ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ሲያጣድፉ አየሁ። ከአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት አህዮች እየተጫኑ ነው። ጭነቱ በደንብ ሳይታሰር አህዮቹን እየነዱ ሄዱ፤ አንድ ድስት መሬት ወድቆ ቀረ። ያ ቤት የቱሳ ነው።

ጉቱ ከኋላ ሆኖ የመኪናውን ጣራ ደበደበ። «ምን ሆነው ነው? ሊሄዱ ነው እንዴ? ፍጠን!» ይላል። ጅብሪል ነዳ። እኔ ሲንቄዬን ጨብጬ ከመቀመጫዬ ብድግ ብያለሁ። ቀኑን ተሳስተናል? ሌላ ሰው ቀደመን? ጉቱን ያሳደግኩት ለዚህ ነው?

መንደሩ መግቢያ ላይ ሴቶቹ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ለሰርጉ የተሰበሰቡ ሴቶች ናቸው፤ ቅቤ ተቀብተዋል፣ ጨሌያቸውን አስረዋል፤ ሁሉም ሲንቄያቸውን ወደ እኛ ዘርግተዋል። መሀል ላይ የሙሽራዋ እናት ፋጡ አለች። ጅብሪል መኪናዋን አቆመ፤ ከዚያም ሞተሩን አጠፋ። አርሲ ተወልዶ ሲንቄ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ሱቅ ቢከፍትም፣ መኪና ቢነዳም።

በነጩ በር ወረድኩ። ያኔ በትሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ፤ ከመሀላቸውም የማልቀስ ድምፅ ሰማሁ። ፋጡ ቀሚሴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ሲንቄዬን አየች።

«ዘሀራ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ በቋንቋችን። «የጉቱ እህት?»

«ነኝ እንጂ እናቴ፣ አዴ ፋጡ፤ ሙሽራችንን ልንወስድ ነው የመጣነው። ምን አጠፋን?»

«ታዲያ በዚህች መኪና ምን አመጣሽ?»

ውሰት መሆኗን፣ ቀይዋ መኪና ተበላሽታ አዲስ አበባ መቅረቷን፣ ይህችን የሰጡን እስኪሠሩልን መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። መኪናዋ ምንም አታውቅም፣ የማንም አይደለችም አልኳቸው። ፋጡ በሲንቄዋ ወደ ነጩ በር አመለከተች።

«ባለፈው ክረምት የመሬቱ ጌታ በዚያች በር ነው የወረደው። በዚያች በር ወርዶ ነው ችካል ያስተከለው። የልጄ መቃብር አለ፣ እሱን እንኳን እለፉልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አላለፈውም። ትራክተሩ መጥቶ ከሜዳው ጋር አረሰው። አንቺ መኪናዋ አታውቅም ትያለሽ። እኛ እናውቃታለን።»

የገብረ መድህን ትልቅ ሰው ማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሩታ ገበያ ላይ ፊቷን ያዞረችብኝ ሴትም ገባችኝ። መኪናዋ ጎን ብቆም ከባሌ ከጅብሪልና ከወንድሜ ጋር ነኝ፤ ግን እግሬ አላስቆመኝም፤ መቼ አስቁሞኝ ያውቃል። ወደ ሴቶቹ ሄድኩና በፋጡ ጎን ተሰልፌ ሲንቄዬን ይዤ ወደ መኪናዋ ዞርኩ። ከኋላ ያለው ጉቱ ፊቱ አመድ መሰለ። አልቅሼ ነበር፤ ለጉቱ ይሁን ለዚያ ለታረሰው ልጅ አላውቅም፤ ለሁለቱም ይመስለኛል።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። አንዷ ወደ ወንዙ ሄዳ ቱሳን ጠራችው። ላቡን ከፊቱ እየጠረገ መጣ፤ ቀኑ ሳይደርስ ከብቴን ሊነዱ የመጡ መስሎኝ ነው ሲል ለጅብሪል ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጅብሪልም መልሶ እሱን ይቅርታ ይጠይቃል። ሴቶቹ የዘጉት መንገድ ግን እንደተዘጋ ነው። ከዚያ ፋጡ ፍርዱን ተናገረች።

«ልጄ በዚህች መኪና አትወጣም። በአባቷ ወንድም ፈረስ ትሂድ። መኪናዋም ባዶዋን አትመለስም፤ ያፈናቀለችን ትሸከመን። ባሌ ድረስ።»

ጅብሪል እኔን አየኝ። ከአካባቢው አላርቃትም ብሎ ቃል የገባው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ቃሉን እንደ ሻይ ብርጭቆ ተጠንቅቆ የሚይዝ ሰው ነው። እኔ ግን ማንንም ሳላማክር ይሁን ብዬ ነበር። እሱም የኋላውን በር ከፍቶ ሚዜዎቹን «ውረዱ፣ ዕቃ ልንጭን ነው» አላቸው።

ኒካሁ በቱሳ ደጅ ካለው ግራር ሥር ታሰረ። ከዚያ በአንድ ወገን ሙሽራ ይታጀባል፣ በሌላ ወገን ቤት ይፈርሳል። ሚዜዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወፍጮውን፣ የአልጋውን እንጨት፣ የእህሉን ጆንያ ተሸከሙ። ፋጡ ለሀሊሜ አዲስ የተቆረጠች ሲንቄ አስያዘቻት፤ በትሯን የያዘውን የልጇን እጅም ሳመችው። እልልታው ያን ጊዜ ወጣ። በቀይ መኪና እወስዳታለሁ ያለው ጉቱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ መንገድ ጀመረ፤ እኔና አጃቢዎቹም ተከተልነው።

ፋጡ ወደ መኪናዋ የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። ቱሳ ከኋላ ከጭነቱ ጋር ቦታ አበጅቶላት ነበር። እምቢ አለች። ዞራ መጥታ ነጩን በር ራሷ ከፈተችና ሲንቄዋን ይዛ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ወደ ሁሩታ ስንወጣ ጅብሪልና እነ ቱሳ በላንድሮቨሯ ከኋላችን ደርሰው አለፉን። ፋጡ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ነጩን በር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ሀሊሜ ከፈረሱ ላይ ሆና አቧራው እስኪጠፋ ድረስ አየች። እኔም አየሁ። ከዚያ በኋላ እናቷን አላየቻትም።

ጅብሪል ከባሌ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለልን። መርከቡ ደርሷል፣ ካምቢዮው ተቀይሯል፣ ቀይዋ መኪና ዝግጁ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከቡርቃ ወዲህ ሌሊትም ቀንም ሲንቄዬን ከእጄ አልለያትም። አዲስ አበባም ይዣት ሄድኩ።

ገብረ መድህን ግቢው ውስጥ ተቀበለን። ቀይዋ ፒክአፕ ታጥባ ቆማለች፤ ላስቲኳ እንዳለ ነው። ላንድሮቨሯን ዞሮ አያት። ጭቃዋን፣ ወንበሯ ሥር የቀረውን ጭድ አየ፤ ኪሎሜትሩንም ሲያነብ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ሁሉ የት ሄዳችሁ?»

«መንገዱን ታውቀዋለች ብለውን አልነበረም?» አለ ጅብሪል በዚያ ለዘብ ባለ ድምፁ።

ሰውየው ሳቀና ነገሩን ተወው። ሲጠራ አንድ ሰው ጣሳና ብሩሽ ይዞ ከጋራዡ ወጣ። በጣሳው ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ነው።

«ዛሬ በሩን እናስቀባዋለን» አለ ገብረ መድህን። «የዚያ ትልቅ ሰው መኪና እንደገና ጥገና ገብታለች፤ በሚመጣው ሳምንት ይህችን ይዘው ወደ እናንተ አገር ይወርዳሉ። ባለፈው ጊዜ በሯን አልወደዱትም፣ እንደ ድሃ ልብስ የተጣፈ ነው ብለው ነበር።»

በሩን አየሁት። ቡርቃ ባዶ ቀርታለች፤ ከቡርቃ ወዲያ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ስንት መንደር አለ። ላንድሮቨር ብዙ ነው፤ ክትባት ይዞ የሚመጣም አለ፣ ዘር ይዞ የሚመጣም አለ። ይህችን ከሩቅ የሚለያት ያ በር ብቻ ነው። አረንጓዴ ከተቀባች ሰዉ ከብቱን ወንዝ ሳያደርስ፣ ልጁን ሳይሰበስብ ደጁ ላይ ትደርስበታለች።

«በሩን አትቀቡት» አልኩት።

«ለምን?»

«ሰው ከሩቅ እንዲያውቃት።»

የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። እንዳልቀለድኩ ሲያይ ግራ ገባው። ያዘዙት እሳቸው ናቸው፣ መኪናዋም የእናንተ አይደለችም፣ የእናንተ ያቻት አለኝ። ጅብሪል ቁልፋችንን ተቀብሎ ቀይዋን አስነስቷል፤ ሞተሯ እንደ ድመት ነው የሚያጉረመርመው፤ ምንም ነክቷት የማያውቅ ትመስላለች። አንዴ ጡሩንባ ነፋልኝ።

ወደ አዳራሹ ገባሁ። ያ ወንበር እዚያው ቦታው ላይ አለ። ብድግ አድርጌ ወደ ግቢው አወጣሁትና ላንድሮቨሯ ጎን፣ ነጩን በር በጀርባዬ አድርጌ አስቀመጥኩት። ቀለም የያዘው ሰው ቆሞ ያየኛል።

ተቀመጥኩ። ሲንቄዬን ጉልበቴ ላይ አጋደምኳት። ገብረ መድህን በትሯን ምን እንደሆነች አላወቃትም፤ እትዬ ምነው፣ ባለቤትዎ እየጠበቁ ነው አለኝ። አልተነሳሁም።

ጅብሪል በፒክአፑ መስኮት አንገቱን አውጥቶ አየኝ። መቀመጤን አየ፤ ሲንቄዋን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።